ምልክት የሌለበት ወረቀት

ወንድሜ ለልጁ ክፍል መሥራት የጀመረው ገና ጥርሷን ስትነቅል ነው። እስከ ዛሬ አንድ ድንጋይ አልተጣለለትም። ጎረቤት ሲጠይቀኝ "እየተሠራ ነው" እላለሁ። አልዋሸሁም፤ እየተሠራ ነው፣ ግን በወረቀት ላይ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት እኛ ቤት ነው።

ሙያው ፕላን መንደፍ ነው። የስንቱን ሰው ሳሎንና ደረጃ ነድፎ አስረክቦ፣ እሱ ራሱ የሚኖረው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። የፊተኛው ክፍል ሥራ ቤቱም መኝታውም ነው፤ አልጋው ከመንደፊያ ጠረጴዛው ጋር ስለተጠጋ ጠዋት ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው ማስመሪያውን ነው። የኋለኛው ክፍል የእኔና የልጅቷ ነበር። በጓሮ፣ የልብስ ማስጫ ገመዱ ከተወጠረበት አጥር ሥር፣ አንድ ክፍል የሚያስጨምር ቦታ አለ። የወረቀቱ ክፍል የሚቆመው እዚያ ነው።

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። ሚስቱ ስትሞትበት፣ ልጅቷ ገና በእጅ የምትያዝ ሳለች፣ "ለትንሽ ጊዜ ነው" ብዬ አንድ ሻንጣ ይዤ መጣሁ። ሻንጣው ይኸው አልጋ ሥር የብርድ ልብስ ማስቀመጫ ሆኖ ቀርቷል።

ወንድሜ አይናገርም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እንዲያው ቃል ከአፉ ማውጣት ይጨንቀዋል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያለው ሰው እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም ማለት ነው፣ እኔ ሲነቅዝ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅቷ ደግሞ ቁርጥ አባቷን ናት። ሁለቱ ምሳ ሲበሉ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው፤ መሃል ተቀምጬ የሦስታችንንም ወሬ የማወራው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ለፍላፊ ይሉኛል።

ዝም ያለ ሁሉ ግን ሆዱ ባዶ አይደለም። እነሱ የሚነጋገሩት በፕላኑ ላይ ነበር። ልጅቷ ትንሽ ሳለች የጠረጴዛውን ጥግ ይዛ ትቆምና በወረቀቱ ዳር "መስኮት እዚህ ይሁን" ብላ ትጽፋለች፤ እሱ በቀይ እርሳስ "እዚያ ነፋስ ይገባል" ብሎ ይመልስላታል። አንድ ጊዜ ተቆጥቷት ኖሮ አኩርፋ "በር አልፈልግም" ብላ ጻፈች። በማግስቱ በሩን በላጲስ ደምስሶ፣ መስኮቱን ሰው እስኪያስገባ አሰፋላት። አይታ ሳቀች፤ ኩርፊያው በዚያው አለቀ። ነገሩ ሲያልቅ የጠየቀው ሰው ጥያቄውንም መልሱንም ያጠፋዋል፤ ወረቀቱ ለሚቀጥለው ነገር ይጸዳል።

ወንድሜ ወጣት ሳለ ከሠራበት ቢሮ፣ ከአለቃው የወረሳቸው ሁለት ሕጎች ነበሩት። አንደኛው፣ ተጨርሶ የተዘጋ ወረቀት መልሱ እስኪመጣ አይከፈትም። በቀለም ብዕር ዘመን "እስቲ አንዴ ልየው" እያለ የሚነካካ ሰው ሥራውን በጣቱ ያበላሸው ስለነበር ነው። ሁለተኛው፣ ምልክት ሳይደረግበት የተመለሰ ወረቀት ተስማምቻለሁ ማለት ነው። "ካልተስማማሽ ምልክት አድርጊበት፤ ካልነካሽው ተስማምተሻል" ይላታል። ልጅቷ የማባዣ ሠንጠረዥ ከማወቋ በፊት ይህን ታውቅ ነበር። እነዚህን ሁለት ሕጎች ያዙልኝ፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው በእነሱ በኩል ነው።

አደገችና ቀያሽ ሆነች፤ መንገድ ከመሠራቱ በፊት ሄደው መሬቱን ከሚለኩት። ሥራ ያገኘችው አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ሲጓዝ ውሎ የሚደርስበት ከተማ ነው። የአጭር ጊዜ ኮንትራት ስለነበር ሲያልቅ እመለሳለሁ ብላ ነው የሄደችው። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ፒዲኤፍ ሆነ። በኢሜይል ይላላካሉ፣ በሥዕሉ ላይ ቢጫ ማስታወሻ ይለጥፋሉ። እሷ "አባዬ፣ መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ቢደርስስ?" ትላለች፤ እሱ "ወድቀሽ ትሰበሪያለሽ" ይላል። በስልክማ ተዉዋቸው። "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ፤ አንተስ?" "ደህና። ቆይ እትዬን ላገናኝሽ።" ስልኩን ለእኔ አቀብሎኝ ይሄዳል።

ኮምፒዩተሩ አርጅቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሲከፈት ሲስተሜ ይሻሻልልኝ እያለ ይለምናል፤ ወንድሜ ጠዋት ጠዋት "በኋላ" የሚለውን ይጫናል። በመጨረሻ ፕላን የሚያስረክብላቸው ሰዎች ፋይልህ አልከፈት አለን ሲሉት ዶክተሯን ጠራ። ዶክተሯ የምንላት ሰፈራችን ውስጥ ኮምፒዩተር የምትጠግነውን ሴትዮ ነው። የታመመውን ዕቃ ከመንካቷ በፊት "ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብላ ስለምትጠይቅ ነው ስሙ የወጣላት። መጥታ ሲስተሙን አዲስ አደረገችለትና ሄደች። ስክሪኑ አማረ፣ ፊደሉ ጠራ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው መሆኑን ያን ቀን ማን አወቀ።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ደወለችልኝ።

"አክስቴ፣ ረጅም ውል ፈርሚ እያሉኝ ነው። ሦስት ዓመት።"

"አንቺስ ምን አልሻቸው?"

"እኔንጃ። አባዬን በፕላኑ ላይ ጠይቄዋለሁ። መጀመሪያ እሱ የሚለውን ልስማ።"

ሦስት ዓመት ለእሷ ምንም ላይሆን ይችላል። እኔና ወንድሜ ግን ደረጃ ስንወጣ መሃሉ ላይ ቆመን የምናርፍ ሰዎች ነን። ቢሆንም ከአባትና ከልጅ መሃል ምን ጥልቅ አደረገኝ ብዬ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠ። ሻይ አቀረብኩለት፣ ቀዘቀዘ። ቀየርኩለት፣ ያም ቀዘቀዘ። ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ደግሞ ይጽፋል። እኔ በጀርባው ሳልፍ ፊቴን አዙሬ ነው ያለፍኩት፣ የሰው ነገር አላነብም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሴቭ አደረገው፣ ዘጋው፣ ላከው። ከዚያ እንደ ቀለሙ ዘመን እጁን ታጥቦ ወደ ጓሮ ወጣ። በመስኮት ባየው የልብስ ገመዱን ምሰሶ እየነቀለ ነው። እኔ እዚህ ቤት ከመጣሁ ጀምሮ ያልተነቃነቀውን ምሰሶ ነቅሎ አጥሩ ጥግ ወስዶ ተከለው። ለክፍሉ ቦታ እየለቀቀ መሆኑ ነው።

ነይ ብሏታል አልኩ በልቤ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። እኔንም እኮ ናፍቃኛለች፤ ማታ ማታ ከባዶ አልጋዋ ጋር ማውራት ሰልችቶኝ ነበር። አንሶላዋን ከሻንጣ አውጥቼ አጠብኩና አዲሱ ቦታ ላይ አሰጣሁት።

መልሷ መጣ። ወንድሜ ከፍቶ አነበበ። ወንበሩ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ተነሥቶ ወጣና ምሰሶውን ነቅሎ ድሮ ቦታው መለሰው። አንሶላውን አጣጥፎ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

"ምን አለች?" አልኩት።

"ፈርማለች። አመሰግናለሁ አባዬ ብላለች።" ፊቱን ወደ ጓሮው አዞረና፣ "ክፍሉ እንግዲህ ለእናንተ ዕቃ ቤት ይሁናችሁ ብላለች" አለ።

የጻፈላት ነገር ደግሞ ወረቀቱ ላይ የለም፤ ነገሩ ስላለቀ አንብባ አጥፍታዋለች ብሎ አሰበ። እንደ ልማዳቸው ነዋ። ከዚያ ወዲያ ፕላኑን አልነካውም። የሰው ቤት ይነድፋል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ከሥራው ቀና ሲል ዓይኑ የሚሄደው ወደ ጓሮ ነው። ሰው ቆሞ እየሄደ ሲያንስ አያለሁ።

በልጅቷ ተናደድኩ። ስትደውል ቀዝቃዛ ሆንኩባት። "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ።" እኔም እንደ እነሱ ሆንኩ አይገርምም? ሦስት ዲዳዎች። እሷም ድምፅዋ የደህና አልነበረም፤ ግን ደላት አልኩ እንጂ ከፋት አላልኩም።

አንድ ቀን ግን ሆዴ መቻሉን እንቢ አለ። "ስሚ አንቺ" አልኳት፣ "አባትሽን እንዲህ ማድረግሽ ደግ ነው? ለዚህ ነው ያሳደገሽ?"

"እኔ ነኝ ወይስ እሱ?" አለችኝ። "ምን አደረግኩት አክስቴ? ጠየቅኩት፣ ተስማማልኝ።"

"ማን ነው የተስማማልሽ?"

"አባዬ ነዋ። ወረቀቱ ምንም ሳይነካው ነው የመጣልኝ። አትሂጂ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ..." ስታለቅስ ሰማኋት። "አንድ ቃል ብትኖርበት ኖሮ እኮ አልፈርምም ነበር" አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ፊተኛው ክፍል እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። "አንተ" አልኩት፣ "ምንም ሳትጽፍላት ነው እንዴ የላክኸው?"

ማስመሪያውን አስቀመጠ። "ጽፌያለሁ።"

"አልደረሳትም። ወረቀቱ ባዶ ነው ትላለች። ባዶ ማለት እናንተ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቃለህ።"

"እትዬ፣ ጽፌያለሁ አልኩሽ እኮ።"

"እንግዲያው የላክኸውን ክፈተውና አሳየኝ።"

አልከፍትም አለ። የተዘጋ ወረቀት አይከፈትም። ይህንን ሕግህን ከነአለቃህ የት እንደምታደርሰው አላውቅም ብዬ ሌላም ሌላም አከልኩበት፤ እዚህ አልጽፈውም። ከፈተው። የእሷ ጥያቄ ቢጫ ሆኖ ተለጥፏል። ከሥሩ ምንም የለም።

ወንድሜ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ። "እዚህ ነበር" አለ። "እዚች ላይ ነው የጻፍኩት።" የሰው ፊት እንዲህ ሲገረጣ አይቼ አላውቅም።

ለሙከራ አንድ ማስታወሻ ጻፈ፣ ሴቭ አደረገ፣ ዘግቶ ከፈተው። የለም። ደገመው። የለም። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ አስነሣው፤ ያው ነው። ስሙን ቀይሮ ሞከረ፣ የጻፈውን አሳጠረ፤ ፊደሉ በዝቶበት ይሆናል ብሎ እኮ ነው፣ ምስኪን። እኔ ደግሞ ኬብሉን ነቅዬ አራግፌ መለስኩት። እንዴት እንደሚሠራ ባላውቅም ዝም ብዬ መቆም አልቻልኩም። በመጨረሻ ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግኩ ወጥቼ ዶክተሯን ጎትቼ አመጣኋት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች እንደ ወትሮዋ።

"አንቺ ሲስተሙን ካሻሻልሽው ወዲህ ሳይሆን አይቀርም" አልኳት። አልተቀየመችም። ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ አየች፣ አልሞላም። ወረቀቱ ተቆልፎ እንደሆነ ጠየቀችው፣ "ለሥራ ተቋራጭ የምሰጠውን ነው የምቆልፈው፣ ይሄ የልጄ ነው" አላት። ፕሮግራሙን አድሳ ሞከረችው፣ ያው ነው። ከዚያ ወንበሩን ለቀቀችለትና፣ "ጋሼ፣ እኔ የለሁም ብለው እንደ ወትሮዎ ይሥሩ" አለችው። ከጀርባው ቆመች።

ወንድሜ ወረቀቱን ሁለቴ ተጭኖ ከፈተ። ጻፈ። ሴቭ አለ። አንድ ትንሽ መስኮት ብቅ ስትል ዓይኑን እንኳ ሳያሳርፍባት ቁልፏን ቀጭ አድርጎ አሳለፋት።

"እዚህ ላይ ይቁሙልኝ" አለች ዶክተሯ። "አሁን ምን ጠየቀዎት?"

"ማን?"

"ኮምፒዩተሩ።"

"ሁልጊዜ የሚጠይቀኝን ነዋ።"

"አንብበውት ያውቃሉ?"

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ፣ እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ።

"ጋሼ፣ ችግሩ ይኸው ነው" አለችው። "ድሮ ወረቀትዎን የሚከፍተው የፒዲኤፍ ፕሮግራምዎ ነበር፤ የጻፉትን እዚያው ወረቀት ላይ ያስቀምጠዋል። ሲስተሙ ሲሻሻል ግን ብሮውዘሩ፣ ኢንተርኔት የምናይበት፣ ፒዲኤፉን ሁሉ እኔ ልክፈተው ብሎ ወሰደው። እሱ ደግሞ የርስዎን ወረቀት አይነካም። ኮፒ ያወጣና የት ላስቀምጥ ብሎ ይጠይቅዎታል። እርስዎ እሺ ሲሉት ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ይከተዋል። የጻፉት በኮፒው ላይ ነው። የሚልኩት ግን ከድሮው ፎልደርዎ ውስጥ፣ ያልተነካውን ነው።"

"ማለት" አልኩ እኔ፣ "ደብዳቤውን ጽፎ መሳቢያ ውስጥ እየከተተ፣ ባዶ ፖስታ ነው ሲልክ የከረመው?"

"እንደሱ ነው፣ እማማ።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ጥፋቱ የእኔም ነው። ያን ቀን ስጨርስ ፒዲኤፍ በምን ነው የሚከፍቱት ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።"

ዳውንሎድ ፎልደሩን ከፈተችው። አቤት፣ ያለው መዓት። ያው የልጅቷ ክፍል ፕላን፣ ያው ስም፣ በየመጨረሻው በቅንፍ ቁጥር እየተጨመረበት ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ሲስተሙ ከተቀየረ ጀምሮ የመለሰላት ሁሉ። እሷ ትጠይቃለች፣ ባዶ ይመጣላታል፣ ተስማምቷል ብላ ታጠፋዋለች። ነገሩ ስለ መደርደሪያና ስለ ማንጠልጠያ ስለነበር ማንም ማንንም አልጠረጠረም።

ዶክተሯ ተነሣች። "እናንተ አንብቡት፣ እኔ የሰው ገመና አላይም" ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። እኔም ልወጣ ስል ወንድሜ እጄን ያዘኝ። እጄን ከያዘኝ ስንት ዘመኑ ነው። መነጽሬን አደረግኩና አብሬው አነበብኩ።

"መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ይሁን፤ እንቅልፍ ትወጃለሽ፣ ፀሐይ ትቀስቅስሽ።" "ማንጠልጠያው ዝቅ ይበል፤ አክስትሽ ቁመቷ አይደርስም፣ እንዳትነግሪያት።" ይችን ሳነብ ጎኑን በክርኔ ደሰቅኩት። እንዲህ እንዲህ እያልን ወደ መጨረሻዋ ደረስን። አጭር ናት።

"ይህን ቤት ለክቼዋለሁ፣ ትንሽ ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ግን ሰፋብኝ። አትፈርሚ። ነይ።"

መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩት፤ ቆሻሻ የነበረበት መነጽሩ አልነበረም። "ይህንን በአፍህ ብትላት ምን ነበረበት?" አልኩት።

"በአፌ አይመጣልኝም" አለኝ። "ሞክሬ ነበር። ስልኩን ስይዘው የሚመጣልኝ ደህና ነሽ ብቻ ነው።"

ዶክተሯ ተመልሳ ፒዲኤፉን ለድሮው ፕሮግራም አስረከበችልን። ወንድሜ "ሰላም" ብሎ ጻፈ፣ ሴቭ አደረገ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። ሰላሙ ቦታው ላይ ተቀምጧል። አጠፋውና፣ ያቺን የመጨረሻዋን ኮፒ ለልጅቷ ላካት። አትፈርሚ የሚለውን አላወጣውም፤ የተጻፈው ያን ቀን ነው፣ እንደተጻፈ ይድረሳት አለ። ከመላኩ በፊት ግን ዘግቶ ከፈተው። ደግሞ ዘግቶ ከፈተው። ዕድሜ ልኩን ያከበረውን ሕግ ዓይኔ እያየ ሻረው።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። እኔ ለልጅቷ ደውዬ ብልሽት እንደነበር ልነግራት ስነሣ ወንድሜ ተዪ አለኝ፤ "ወረቀቱ ይንገራት።" እሷም አልደወለችም። ቀኑ አለፈ፣ ሌላው ቀን አለፈ። አውቶቡስ ሲቆም በሩቁ ስሰማ በሩን ከፍቼ አያለሁ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ።

አንድ ጠዋት ወረቀቱ ተመለሰ። ወንድሜ ጠራኝ። የእሱ ቢጫ ማስታወሻ ቦታው ላይ አለ፤ "ነይ" ይላል። ከሥሩ ምንም የለም። ከጎኑም ምንም የለም። ጠርዙን ዞረን ፈለግን፣ አንድ ነጥብ እንኳ አላገኘንም።

"ምልክት የለውም" አለ።

"አያለሁ።"

"በሕጉ ከሆነ..." አለና አቆመ። ሕጉን እንኳን እሱ እኔም አውቀዋለሁ። ግን የእሷም ኮምፒዩተር እንደኛው ውጦት ቢሆንስ? አልመጣም አባዬ፣ አርፍደሃል ብላ ጽፋ፣ እዚያ ማዶ የሆነ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦስ ቢሆን? ወንድሜ ወረቀቱን ይዘጋል፣ ይከፍታል። ይዘጋል፣ ይከፍታል። ድሮ በጣታቸው ቀለም ያበላሹ የነበሩትን ሰዎች ሆነ።

"ደውልላት" አልኩት።

ስልኩን ወደ እኔ ገፋው። መልሼ ገፋሁለት። "እኔ ዛሬ ጉሮሮዬን አሞኛል" አልኩት። አሞኝ አያውቅም።

ደወለ። ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው፤ ከፍ አድርጎት ስለነበር ነው፣ ጆሮው ደከም ብሏል።

"ደህና ነሽ?" አለ።

"ደህና ነኝ አባዬ፤ አንተስ?"

"ደህና።"

ስልኩን ሊያቀብለኝ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አላቀበለኝም።

"ወረቀቱ ደረሰኝ" አለ። "ምልክት የለውም።"

"አዎ።"

"ብልሽት መስሎኝ ነው። እዚህ ብልሽት ነበር። ያኔ ባዶው የደረሰሽ..."

"ገብቶኛል አባዬ። ቀኑን አየሁት፣ መቼ እንደጻፍከው። ይሄኛው ብልሽት አይደለም። ከፍቼ አየሁት፣ ዘግቼ አየሁት። ምንም አልነካሁትም።"

ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

"ግን ፈርሜያለሁ እኮ" አለች። "ለመንኳቸው፤ ሦስቱ ዓመት ሳይሞላ አንለቅሽም አሉኝ።"

ሰው በአንድ ትንፋሽ ደስ ብሎት ሆዱ እንደሚባባ ያን ጊዜ አየሁ። አንድ ቃል እኮ ናት። አንዲት ቃል በሰዓቷ ብትደርስ ዛሬ አልጋዋ ላይ ነበረች። ወንድሜ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው።

"እሺ" አለ። ከዚያ፣ "ነይ" አለ። በአፉ። "ሲያልቅ ነይ።"

በማግስቱ ምሰሶውን ነቅሎ አጥሩ ጥግ ተከለው። ኖራ ገዝቶ መጣና ጓሮው ላይ መስመር አሰመረ፤ አራት ግድግዳ፣ ወደ ምሥራቅ መስኮት፣ ወደ ቤቱ በር። ዝናብ ሲመታው ይጠፋል፤ ሲያባራ ወጥቶ ሜትሩን ዘርግቶ ደግሞ ያሰምረዋል። ድንጋዩስ መቼ ነው ስለው፣ "ቦታውን እስክትለምጂው ነው" ይለኛል። እኔን ነው የሚያለማምደው እንግዲህ። ልጅቷ አሁን እሑድ እሑድ ለእሱ ትደውላለች። ብዙ አያወሩም፣ ግን ስልኩን ቶሎ አያቀብለኝም።

ባለፈው ቅርጫቴን በልብስ ሞልቼ፣ ሐሳቤን ሌላ ቦታ ጥዬ፣ ወደ ገመዱ አቋርጬ ልሄድ ስል ወንድሜ ከመስኮት ሆኖ ጠራኝ።

"እትዬ" አለ፣ "በሩ ወዲያ ነው።"

ቁልቁል ባይ ነጩን መስመር ረግጬ ቆሜያለሁ። ምን ቆርጦኝ ልከራከረው። ተመልሼ፣ ዞሬ፣ በበሩ ገባሁ።